ሦስት ሰዓት ከሃያ

ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ይህን አባባል ተማሪ ስቆጣ ስንት ጊዜ እንደተናገርኩት አላስታውስም፤ በራሴ ላይ ይደርሳል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር። ነገሩ ከሆነ ሦስት ዓመት አለፈው። አንድ አርብ ጠዋት አንዲት ዓረፍተ ነገር ከአፌ አመለጠችኝ። እሷን ለመመለስ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ጎንደርን ከላይ እስከ ታች ስሮጥባት ዋልኩ።

ያኔ የሃያ ስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ ሆስፒታል፣ እናቴ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ የአዘዞ ሰዎች ናቸው፤ እኔ ደግሞ ስሙ ይቆየንና በአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። ግማሽ ነጥብ የሚባል ነገር አላውቅም። መልስ ወይ ልክ ነው ወይ አይደለም። ተማሪዎቼ በስተጀርባዬ "ምላጭ" እያሉ ይጠሩኛል። እኔም ይህን ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ምኑ እንደሚያስደስት አይገባኝም።

ትምህርት ቤታችን በየዓመቱ ስምንተኛ ክፍል ከጨረሱ የገጠር ወረዳዎች ልጆች መካከል ፈትኖ ይቀበላል። በዚያ ዓመት የሒሳቡን ፈተና የማውጣት ዕድል ለመጀመሪያ ጊዜ ለእኔ ደረሰ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች አይደል ነገሩ? ይለዩልኝ ብዬ ስለ ሰዓት ቆጣሪዎች ማዕዘን አምስት ጥያቄ ጨመርኩበት። "ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ በአጭሩና በረጅሙ ቆጣሪ መካከል ያለው ማዕዘን ስንት ዲግሪ ነው?" የሚል ዓይነት። አጭሩ ሦስት ላይ፣ ረጅሙ አራት ላይ ነው ብሎ የሚቸኩል ልጅ ሠላሳ ይላል። ወጥመዱ እዚያ ላይ ነው። ደቂቃው ሲሄድ አጭሩም ቆጣሪ ቀስ እያለ ይከተላል፤ ስለዚህ ልኩ ሃያ ዲግሪ ነው። ጥያቄዎቹን ጽፌ ስጨርስ ለብቻዬ ፈገግ ማለቴን አስታውሳለሁ።

ያቺ አርብ ቅሬታ የሚቀርብባት የመጨረሻ ቀን ነበረች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ኮሚቴው ተሰብስቦ የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ይመርጣል፤ ስሜ እንደሚነሣ ሹክ ተብያለሁ። ስለዚህ ከጠዋት ጀምሮ መቀመጥ አቅቶኝ፣ ወረቀት እያነሣሁ ወረቀት እጥላለሁ። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ የቢሮውን በር የሚያንኳኳ ሰው መጣ።

ነጭ ፎጣ በትከሻቸው ጣል ያደረጉ፣ ኮንጎ ጫማ ያጠለቁ፣ ረዘም ያሉ ሰው ናቸው። ዱላቸውን ዘበኛው ስላስቀረባቸው እጃቸው የሚይዘው አጥቷል።

"እንደምን አደራችሁ። ተገኘ እባላለሁ፤ የስመኝ አባት። ተመካነ ብርሃን ነው የመጣሁ።"

"ለቅሬታ ነው?"

"ኧረ ቅሬታስ የለኝም። ልጄ ናት የላከችኝ። 'ተሰዓቱ ጥያቄ አራቱን ስተሻል ተብያለሁ፤ የቱ ላይ እንደሳትሁ ይንገሩኝ' ብላ ነው። መንገዱ ሁለት ቀን ተዘግቶ ሰንብቶ ትናንት ቢከፈት ገሥግሼ መጣሁ።"

የልጅቷን ወረቀት ከክምሩ ፈልጌ አወጣሁ። ሌላው ሁሉ ንጹሕ ነው። የሰዓቱ ጋ ስደርስ የመጀመሪያውን፣ "ሦስት ሰዓት ሙሉ ላይ" የሚለውን፣ ዘጠና ብላ አግኝታዋለች። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ጉድ ነው። ሃያ መሆን ያለበትን መቶ ስድሳ፣ መቶ ሃያውን ስድሳ ብላዋለች። ለማለፍ አምስት ነጥብ ጎድሏታል፤ አራቱ ጥያቄ ስምንት ነጥብ ይይዛል። እንደልማዴ ነገሩን ላሳጥር ፈለግሁ።

"አያ ተገኘ፣ ልጅዎ ሰዓት ማንበብ አትችልም።"

ሰውየው ወረቀቱን አዩት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ሰዓትስ ታነባለች" አሉ። "እኔው ነኝ ያስተማርኋት።"

"እንግዲያው እርስዎም አያውቁም ማለት ነዋ!"

ይህቺ ናት ዓረፍተ ነገሯ። እንደ ቀልድ ነበር ያልኳት። ቢሮ የምትጋራኝ የባዮሎጂ መምህሯ አልማዝ ከወዲያ ሆና ሳቀች። አያ ተገኘ ግን የውጤቱን ወረቀት ለአራት አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት።

"ይሆናል ልጄ። እንግዲህ ቁስቋምን ተሳልሜ ወዳገሬ ልግባ" ብለው ወጡ።

ሥራዬ ሊያዝልኝ አልቻለም። ተነሥቼ መስኮት ጋ ሄድኩ፤ ተመልሼ ተቀመጥኩ። የከነከነኝ የሰውየው ፊት ብቻ አልነበረም፤ ቁጥሮቹም ናቸው። በግምት የሚመልስ ልጅ እንዴት መቶ አምስት ብሎ ይጽፋል? ወረቀቱን መልሼ አወጣሁት። ከመልሶቿ ጎን በእርሳስ ደቃቅ ስሌት አለ፤ ለእያንዳንዱ ሰዓት ሠላሳ ዲግሪ፣ ለእያንዳንዱ ደቂቃ ስድስት፣ አጭሩ ቆጣሪ በደቂቃ ግማሽ። ብዙዎቹ የወደቁባት ወጥመድ እሷን አልያዘቻትም! ታዲያ እንዴት ሳተች?

የእኔንና የእሷን መልስ ጎን ለጎን ጻፍኩት። ሃያና መቶ ስድሳ። መቶ ሃያና ስድሳ። ሰባ አምስትና መቶ አምስት። መቶ ሃምሳ አምስትና ሃያ አምስት። ደመርኳቸው። ሁሉም መቶ ሰማንያ። ልክ ያገኘችው ዘጠናም ከእኔ ዘጠና ጋር ሲደመር መቶ ሰማንያ። የስህተት ጠባዩ መበታተን ነው፤ ይሄ ግን ሥርዓት ይዞ ተሰልፏል። ወለሉ ላይ ስንጎራደድ አልማዝ ራስዋን ቀና ሳታደርግ፣ "ፅጌ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?" አለችኝ።

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየት አድርጌ፣ "አራት ከሩብ" አልኩ።

አልኩና አፌ እንደተከፈተ ቀረ። አጭሩ ቆጣሪ ያለው አሥርን አለፍ ብሎ ነዋ! አሥር ላይ እያየሁት ነው አራት ያልኩት። አንባቢ ሆይ፣ አንተም አንቺም ይህንኑ ነው የምታደርጉት። አብዛኛው ሰዓታችን የተሞላው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ እኛ ደግሞ በሐሳባችን ወዲያ ማዶ ተሻግረን በራሳችን እናነበዋለን። ከልጅነታችን ስለለመድነው ቁጥሩን አናየውም። እኔ ጥያቄውን ያወጣሁት መጽሐፍ ላይ በተሳለው ሰዓት ነው። ስመኝ የምታውቀው ሰዓት ግን ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን፣ ሰው የሚኖርበትን ነው። በዚያ ሰዓት ሦስት ከሃያ ሲሆን አጭሩ ቆጣሪ ዘጠኝን ያልፋል፤ ረጅሙ አራት ላይ ነው። በመካከላቸው ያለው መቶ ስድሳ ነው። ልጅቷ አንድም አልሳተችም።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። ወዲያው አልተነሣሁም። ዝም ብል ማን ያውቅብኛል? ሰውየው ራሳቸው ቅሬታ የለኝም ብለዋል። ተናገርኩ ማለት ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣሁት ፈተና የተበላሸ ነው ማለት ነው፤ ያውም በምመረጥበት ቀን። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። ሩብ ሰዓት ያህል የመልሱን ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ፤ ሞኟ እኔ ነበርኩ። ግን የዚያ ሰው እጅ ወረቀቱን ለአራት ሲያጥፍ እየመጣ አላስቀምጥ አለኝ። ተነሥቼ የኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ አድማሱ ቢሮ ገባሁ።

ጋሽ አድማሱ አዳምጠው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ። "ገብቶኛል። ግን ደንቡን ታውቂዋለሽ። ቅሬታ የሚታየው ተማሪው ወይም ወላጁ ሲፈርም ነው። ጊዜው ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያበቃል። አንቺ በራስሽ ጥያቄ ላይ ቅሬታ መፈረም አትችይም።"

"ሰውየው አሁን ነው የወጡት፤ አመጣቸዋለሁ።"

"አስቢበት ፅጌ። ዛሬ ስምሽ ይነሣል።"

"አስቤበታለሁ" አልኩ። አላሰብኩበትም ነበር፤ እግሬ በር ላይ ነበር።

በስመኝ መመዝገቢያ ፎርም ላይ ባለው የአባቷ ስልክ ደወልኩ። ጥሪ አይቀበልም። ደግሜ ደወልኩ። ያው ነው። ባጃጅ ይዤ ወደ ቁስቋም ወጣሁ። ዳገቱን የወጣነው እያለከለክን ነው፤ ባጃጁ በሞተሩ፣ እኔ በአፌ። ቅጥሩን ዞርኩት፤ ከዛፎቹ ሥር፣ ከቤተ መንግሥቱ ፍርስራሽ አጠገብ ፈለግሁ። የሉም። በሩ ላይ ጧፍ የምትሸጥ ሴት ሁኔታዬን አይታ፣ "ማንን ነው እቴ?" አለችኝ። ነገርኳት።

"ፎጣ ጣል ያረጉ ረጅም ሰው? እዚህች ጋ ቆመው ብዙ አለቀሱ። 'ልጄን እኔው ነኝ ያሳትኋት' ሲሉ ሰማኋቸው። ምን አርገዋት ይሆን ብዬ አዘንሁላቸው። ቁልቁል ተወረዱ ቆዩ።"

ልቤ ተሰበረ። እዚያው ቁጭ ብዬ ባለቅስ ደስ ባለኝ፤ ግን ለለቅሶ የሚሆን ጊዜ አልነበረኝም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው፤ ያፈሰስኩትን እየለቀምኩ ወደ መናኸሪያ ወረድኩ። ባጃጁን የያዘው ሰው ጎልማሳ ነው፤ ነገሩን በመንገድ ላይ ስነግረው ከእኔ ብሶ ተጨነቀ። መናኸሪያ ስንደርስ እሳቸው የሚሄዱበት የደባርቅ ሚኒባስ ሞልቶ ወጥቷል። ስልኬን አየሁ፤ ሰባት ከአሥር ይላል፤ ከጥያቄዎቼ አንዱ በሱ ሰዓት ነበር። መቶ ሃምሳ አምስት ወይስ ሃያ አምስት? በዚያ ጭንቀት መሐል ጭንቅላቴ ማዕዘን ያሰላል!

"አይዞሽ፣ ኬላው ላይ ፍተሻ አለ፤ ወረፋው ቶሎ አይለቃቸውም" አለና ባለባጃጁ አዞረው።

እውነቱን ነው። ኬላው ላይ መኪና ተደርድሯል፤ ተሳፋሪው ወርዶ ወንዱ በአንድ ወገን፣ ሴቱ በሌላ ወገን ቆሟል። ከወንዶቹ ሰልፍ ጫፍ ላይ ያንን ፎጣ አየሁት።

"አያ ተገኘ!"

ዞሩ። "ምነው ልጄ? ምን ሆነሽ ነው?"

"ስመኝ ልክ ናት። እርስዎም ልክ ነዎት። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ጠዋት በተናገርኩት ይቅር ይበሉኝ።" ሰው ሁሉ ያየናል።

አያ ተገኘ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። "ተይ ልጄ። አዝነሽልኝ እንደሆን ተዪው። ስመኝ በአዘኔታ መግባት አትወድም፤ እኔም አልወድላት።"

በምን ቋንቋ ላስረዳቸው? የውጤቱን ወረቀት ከኪሳቸው አስወጥቼ በጀርባው ላይ ክብ ሣልኩ፤ ዙሪያውን ቁጥሮቹን ጻፍኩ። "ሦስት ከሃያ ሲሆን አጭሩ የት ነው የሚሆነው?"

ሳያመነቱ ጣታቸውን ዘጠኝን አሳልፈው አስቀመጡ። "እዚህ ነዋ። እኔ እኮ ባገሬ ትምህርት ቤት ዘበኛ ነኝ፤ ለዕረፍት የምደውለው በሷ ሰዓት ነው። ርዕሰ መምህሩ ቢሮ የተሰቀለውን ሰዓት እያየሁ አሥራ ሁለት ዓመት ደወል መታሁ።"

"እኔ ደግሞ እዚህ ነው ብዬ ነው የጠየቅሁት" አልኩና ሦስት ቁጥርን አለፍ አድርጌ አሳየሁ።

ጎንበስ ብለው አዩት። ከዚያ ሳቃቸው አመለጣቸው። "እዚህማ ዘጠኝ ተሃያ ነው! ልጆቹ ወደየቤታቸው ሊለቀቁ ሲሉ!"

"አዎ አያ። እኔ ነኝ ሰዓት ያላወቅሁት።"

ሳቃቸው ቆመ። ወረቀቱን ደግመው አዩት፤ ደግመው እኔን አዩኝ። ሾፌሩ ፍተሻ አልቆለት ጥሩንባ ይነፋል። "መንገዱ ነገ ቢዘጋስ?" አሉ። "ሰኞ ደወሉን ማን ይመታል?"

"አላውቅም አያ። የማውቀው አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ካልፈረሙ ስመኝ እንደምትቀር ነው።"

ወደ ሚኒባሱ ሄደው ከረጢታቸውን አወረዱ።

ትምህርት ቤቱ ስንደርስ አሥር ሰዓት አልፏል፤ ኬላው ስንመለስ እኛንም አቁሞናል። ኮሚቴው ስብሰባ ላይ ነበር። ጋሽ አድማሱ በቃል ብቻ የሚያምኑ ሰው አይደሉም፤ ያስረዳሁትን ሁሉ ሰምተው ተነሡና የግድግዳውን ሰዓት አውርደው ለአያ ተገኘ ሰጧቸው።

"እስኪ ሰባት ከአሥር ላይ ያድርጉልኝ።"

አያ ተገኘ ሰዓቱን ገልብጠው ከኋላ ያለውን ማዞሪያ አገኙት። እጃቸው ትልቅ ነው፤ ማዞሪያዋ ትንሽ ናት። ቀስ እያሉ አዞሩ። አጭሩ አንድን አለፍ አለ፣ ረጅሙ ሁለት ላይ ቆመ። ጋሽ አድማሱ የስመኝን ወረቀት አዩ። ሃያ አምስት ዲግሪ።

"ስምንት ተኩልስ?"

አጭሩ በሁለትና በሦስት መካከል፣ ረጅሙ ስድስት ላይ። መቶ አምስት። ከኮሚቴው አባላት አንዱ የእጁን ሰዓት አሻግሮ አየና፣ "እኔም እኮ እንዲሁ ነው የማነበው" አለ፤ አፍሮ ሳቀ።

ጋሽ አድማሱ ወደ እኔ ዞሩ። "ቅሬታውን እንቀበላለን። የሁሉም ልጆች ወረቀት በሁለቱም አነባበብ እንደገና ይታረማል። ቃለ ጉባኤው ላይ ግን ምክንያቱ መጻፍ አለበት። 'የፈተናው አዘጋጅ ስህተት' ተብሎ ይጻፍ?"

"ይጻፍ" አልኩ።

አያ ተገኘ ሲፈርሙ ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ነበር። ብዕሩን አስቀምጠው፣ "ታዲያ ልጄ ልክ ናት?" ብለው ጠየቁኝ።

"ልክ ናት አያ።"

"እኔስ አላሳትኋትም?"

"አላሳቷትም።"

ፎጣቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱት። ከዚያ ሰዓቱን አንሥተው የጋሽ አድማሱን ስልክ እያዩ ወደ ልኩ መለሱት። "ሰዓት አጣሞ መተው ሸጋ አይደለም" አሉና ራሳቸው ግድግዳው ላይ ሰቀሉት።

የክፍል ኃላፊነቱ ለሌላ ሰው ተሰጠ። አልዋሽም፣ ቆጨኝ። ስመኝ አለፈች፤ በዚያው እርማት የአንድ የጭልጋ ልጅም ስም ገባ። መንገዱም እንደፈሩት በማግስቱ ተዘጋና አያ ተገኘ አዘዞ እኛ ቤት ስምንት ቀን ሰነበቱ። ስልክ ሲሠራላቸው የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ደወሉን ማን እንደሚመታ ነበር። ስመኝ ነበረች የምትመታው። አንድ ቀን አላሳለፈችም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ ቀይ እስክሪብቶ የያዛችሁ፣ ምክር አልሰጣችሁም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ኤክስ ከማድረጌ በፊት ልጁን ጠርቼ "ይሄን ከየት አገኘኸው?" እላለሁ። እርማቴ ዘግይቶ ያልቃል፤ ጓደኞቼ ያጉረመርማሉ። ምላጭ የሚለኝም የለም። ያቺ የጠዋት ቃል ግን ዛሬም አልተመለሰችም፤ አያ ተገኘ ይቅር ብለውኛል፣ እኔ ግን ጧፍ ሻጯ የነገረችኝን ሳስብ አሁንም መቀመጥ ያቅተኛል።

መስከረም ላይ ስመኝ መጣች። ቀጭን ናት፤ ዓይኗ አያርፍም። በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ እጇን አወጣች።

"መምህር፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ላይ የኔም የእርስዎም መልስ ዘጠና ነው። በቀን ስንት ጊዜ ነው እንዲህ የምንስማማው?"

በፊት ቢሆን "ከትምህርቱ ጋር አይገናኝም፣ ተቀመጪ" እላት ነበር። ክፍሉ በሙሉ ያየኛል።

"እርግጠኛ አይደለሁም" አልኩ። በተማሪ ፊት እንዲህ ስል የመጀመሪያዬ ነበር። "በየሰዓቱ ሁለት ሁለት ጊዜ ይመስለኛል፤ አርባ ስምንት። ግን አብረን እንቁጠረው።"

ሰዓቱን ከግድግዳው አውርደን እያዞርን ቆጠርን። አርባ አራት ነው። ያረመችኝ እሷ ናት።